የሰው ወርቅ አያደምቅ

በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ፒያሳ በሚባለው ሠፈር፣ ወርቅ ሊገዛ የገባ ሰው ሻጩ «ወርቅ ነው» ስላለው ብቻ ገንዘቡን ቈጥሮ አይሰጥም። ስንት ካራት እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ በፊቱ ያስመዝናል፤ ጥሩ ወርቅ ይሁን ቅብ ያስመረምራል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ከወርቅ ቤቱ ወጥቶ ቡና ቤት በተቀመጠ ጊዜ ግን ከባልንጀራው አፍ የወጣውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይመዝንና ሳይመረምር ይቀበላል፤ በማግሥቱም እንደ ጥሩ ገንዘብ ለሌላ ይመነዝረዋል። ከነዚህም ቃላት ገበያው እጅግ የደራለት «ኮምፕሊኬትድ» የሚባለው ነው። የባልና የሚስት ፍቅር ቢቀዘቅዝ «ኮምፕሊኬትድ ነው»፤ የውርስ ክርክር ቢዘገይ «ኮምፕሊኬትድ ነው»፤ በሽታ ቢጸና፣ ሒሳብ ቢጎድል፣ ማኅበር ቢከፈል፣ የሁሉም መልስ ይኸው አንዱ ቃል ሆኗል። ከባልንጀራው በልጦ መታየት የፈለገ «ኮምፕሌክስ» ይላል፤ ከዚያም ሊያልፍ የወደደ «ሶፊስቲኬትድ» ይላል። ተናጋሪውም አድማጩም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ነገሩ ግን እንደ ተቋጠረ ይቀራል።

ክሱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ላይ አይደለም። እንግሊዝኛ የብዙ ሊቃውንትና የብዙ መጻሕፍት ቋንቋ ነው፤ እርሱን አጥርቶ የተማረ ሰው የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ክሱ የቀረበው አጥርቶ ሳይማር በፍርፋሪው በሚኮራው ላይ፣ እንዲሁም አጥርቶ ተምሮ ሳለ ለወገኑ መተርጐም በታከተው ላይ ነው። ነገሩም የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም። ረቂቁን፣ ጥልቁን፣ ድብቁንና የተበላሸውን ሁሉ በአንድ የተውሶ ቃል የሚከድን ሰው ሁለት በደል ይሠራል፤ አንደኛ የገዛ ልቡናውን ከመመርመር ያሳርፋል፤ ሁለተኛ ጉዳዩ የሚመለከተውን ሰው ከገዛ ጉዳዩ ያስወጣዋል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ቋንቋ ከቋንቋ መዋስ በአራዳ ዛሬ የተጀመረ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ጣልያንኛ ነው፤ ትርጓሜውም አደባባይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ቍልቍል የሚወርደው ጎዳና የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር የቸርችልን ስም ይዟል። በግርጌው ያለው ለገሃር ደግሞ የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው። በአንድ መንገድ ላይ የሦስት መንግሥታት ቋንቋ ተሰልፎ ይገኛል፤ የሦስቱም ዘመን ይታወቃል። ከ1928 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ የሥልጣኔ ቋንቋ ተብሎ ይከበር የነበረው ፈረንሳይኛ ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያንኛ በኃይል ገባ፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ በወንበሩ ተቀመጠ። እንግዶቹ በወንበሩ ላይ ይፈራረቃሉ፤ ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ቆሞ አስተናጋጅ ነው።

አባቶችም ተውሰዋል። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ አበቅቴ የሚሉት ቃላት ሥራቸው በጽርእ ነው። ስለዚህ መዋስ ራሱ ነውር አይደለም፤ የሚጠየቀው ምን እንደ ተዋሱና እንዴት እንደ ተዋሱ ነው። አባቶች ወንጌል የሚለውን ቃል ሲቀበሉ «የምሥራች» ብለው ተርጕመው ለሕፃን አስተማሩ፤ አበቅቴን ሲቀበሉ ቍጥሩንና መንገዱን ጨምረው ለደቀ መዝሙር አስረከቡ። ቃሉ እንግዳ ሆኖ ገባ፤ ትርጓሜው ግን ባለቤት ሆኖ ተቀመጠ።

ደግሞም ስም መዋስና ቅጽል መዋስ አንድ አይደለም። ስም የሚዋስ ዕቃ ይዋሳል፤ መኪናና ፖስታ ባልነበሩበት አገር ዕቃው ሲመጣ ስሙ አብሮት ቢገባ ማንም አይጎዳም። ቅጽል የሚዋስ ግን ዓይን ይዋሳል፤ ቅጽል ነገሩ እንዴት ያለ እንደ ሆነ የሚመሰክር የፍርድ ቃል ነውና። ወንፊት ከጎረቤት የተዋሰ ሰው ቤቱን አልለቀቀም። ዓይን የተዋሰ ሰው ግን የገዛ ቤቱን እንኳ የሚያየው ጎረቤት ሲያሳየው ብቻ ነው።

አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ ቢሆን ኖሮ ልመናው ይቅርታ ባገኘ ነበር። ዳሩ ግን አማርኛ የነገርን አስቸጋሪነት ሲናገር የመፍትሔውን ግሥ አብሮ ያስከትላል። ክር እርስ በርሱ ሲያያዝ «ተወሳሰበ» ይባላል፤ የተወሳሰበም ጫፉ ተፈልጎ ይፈታል። ልብስ በልብስ ላይ ሲሆን «ተደራረበ» ይባላል፤ የተደራረበም አንድ በአንድ ይገለጣል። ነገር ከዓይንና ከእጅ አልፎ በልቡና ብቻ ሲያዝ «ረቀቀ» ይባላል፤ የረቀቀም በዝግታ ይመረመራል። ሸክም «ከበደ» ይባላል፤ የከበደም ረዳት ይፈልጋል እንጂ ፈላስፋ አይፈልግም። ሰው ሆን ብሎ ያሰረው ነገር «ተተበተበ» ይባላል፤ በተተበተበም ነገር ማን እንዳሰረው ይጠየቃል። አንድ ውል ሁለት ትርጉም ሲሸከም «አሻሚ» ይባላል፤ አሻሚም ተዋዋዮቹ የትኛውን እንደ ፈለጉ ተጠይቀው ይለያል። በቅኔ ቤት ደግሞ አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም አንድነት ሲይዝ «ኅብር» ይባላል፤ ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ ሲሆን «ውስጠ ወይራ» ይባላል። እነዚህ ሁለቱ የሚደነቁ ጥበቦች እንጂ የሚጠገኑ ብልሽቶች አይደሉም።

«ኮምፕሊኬትድ» ግን በአማርኛ ውስጥ የራሱ ግሥ የለውም፤ የሚከተለው «ነው» ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነገሩ ይፈታ ወይስ ይታገዝ፣ ይመርመር ወይስ ተንኮለኛው ይያዝ፣ አንዳች አልተናገረም። የውርስ ክርክር ከሦስት ትውልድ የመጣ ስለ ሆነ ተደራርቦ ይሆናል፤ ወራሾቹ ስለ በዙ ተወሳስቦ ይሆናል፤ ወይም አንዱ ወራሽ ሰነድ ደብቆ ተብትቦት ይሆናል። የመጀመሪያው ታሪክ አዋቂ፣ ሁለተኛው አስታራቂ ሽማግሌ፣ ሦስተኛው መርማሪ ያሻዋል። ሦስቱን «ኮምፕሊኬትድ» ብሎ በአንድ ከረጢት የጨመረ ሰው ለታሪክ አዋቂው፣ ለሽማግሌውና ለመርማሪው ሥራ ነሥቷል፤ ለተንኮለኛው ግን መደበቂያ ሰጥቷል። ተንኮል ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ቃል ተንኮልን ከዕድል የማይለይ ቃል ነው።

እንግሊዞችም ቢሆኑ እነዚህን ቃላት ከላቲን የተዋሱ ናቸው። የ«ኮምፕሊኬትድ» ሥር «አጠፈ» የሚል ግሥ ነው፤ በአንድነት የታጠፈ ማለት ነው። የ«ኮምፕሌክስ» ሥር «ጎነጎነ» የሚል ግሥ ነው፤ አብሮ የተጎነጎነ ማለት ነው። እንግዲህ የአራዳው ወጣት በብዙ ድካም የሸመተው ምስጢር ሲገለጥ፣ እናቱ ነጠላ ስታጥፍና እኅቱ ሹሩባ ስትጎነጎን የሚናገሩት ቃል ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ ጠንቃቃ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሁለቱን ይለያቸዋል። ብልቱ ብዙ ሆኖ እያንዳንዱ ሥራው የታወቀውን፣ እንደ ሰዓት ያለውን፣ በመጀመሪያው ቃል ይጠራዋል፤ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ማንም አስቀድሞ ያላየውን ነገር የሚያስከትሉትን፣ እንደ አየር ጠባይና እንደ ገበያ ያለውን፣ በሁለተኛው ቃል ይጠራዋል። የተዋሰው ሰው ግን ልዩነቱን በድንበር ላይ ጥሎ ድምፁን ብቻ ይዞ ገብቷል። የጎረቤትን መሶብ ተውሶ እንጀራውን መተው ማለት ይህ ነው።

«ሶፊስቲኬትድ» የሚለውማ ከሁሉ ይልቅ ያስቃል። ይህ ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት፣ ጥራቱን ያጣ ማለት ነበር፤ ዓለምን ያወቀ፣ የነቃ የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው። ለዚህ ለኋለኛው ትርጉም የሚሆን ቃል ደግሞ እዚያው ፒያሳ ተወልዷል። «አራዳ» የገበያው ስም ነበር፤ ከገበያው ውሎ፣ ብዙ ሰው አይቶ፣ ነገር ቶሎ የሚገባውንና በቀላሉ የማይታለለውን ሰው ሕዝቡ «አራዳ» አለው። ገበያው በጣልያን ዘመን ወደ መርካቶ ቢዛወርም ቃሉ ከነትርጓሜው ቀርቷል። ስለዚህ በአራዳ መካከል ቆሞ «ሶፊስቲኬትድ ነኝ» የሚል ሰው «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ደርሶበታል፤ በጥንቱም ትርጉም ቢመዘን ስለ ራሱ ሳያውቅ እውነት ተናግሯል።

አሁን የክርክሩን ዋና ምሽግ መመልከት ይገባል። ይኸውም «አማርኛ ለዕለት ኑሮ ይበቃል እንጂ ለረቂቅ ዕውቀት አይበቃም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ባሕረ ሐሳብን ሰምተው አያውቁም። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም.ን አጽዋማትና በዓላት ለማውጣት መምህሩ 5500 ዘመነ ፍዳን ከ2016 ዓመተ ምሕረት ጋር ደምሮ 7516 ዓመተ ዓለም ይላል። ይህን በ19 ሲገድፍ 11 ይቀረዋል፤ አንድ ሲቀንስ 10 ይሆናል፤ ስሙም ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዝቶ 110፣ በ30 ሲገድፍ 20 ያገኛል፤ ስሙም አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 አባዝቶ 190፣ በ30 ሲገድፍ 10 ያገኛል፤ ስሙም መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሆነው ሒሳቡ ትክክል መሆኑን ይመሰክራሉ። የጨረቃና የፀሐይ፣ የሳምንትና የወር ዙረት በ532 ዓመት ተገጣጥሞ የሚመለስበት ይህ ሁሉ ስሌት በእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ስም አለው፤ ስሙን የያዘ ደቀ መዝሙር ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያለ መጽሐፍ ያሰላዋል። ማንም መምህር ተማሪውን «ነገሩ ኮምፕሊኬትድ ነው» ብሎ አላሰናበተም። ከባዱን ነገር ያቀለለው ስም ለየብቻ መስጠት ነው።

የትርጓሜ ጉባኤም እንዲሁ ነው። አንድ ኃይለ ቃል ሁለትና ሦስት ምስጢር ቢይዝ መምህሩ አንዱን ትርጉም ይናገርና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ዳግመኛም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ይህች ትንሽ ቃል «ነገሩ ብዙ ፊት አለው» ብላ አታበቃም፤ ፊቶቹን አንድ በአንድ ታሳያለች። የዘመኑ ምሁር ስለ ኑሮ ውድነት ሲጠየቅ «ዝናብ ስለ ቀነሰ ነው፤ አንድም የውጭ ምንዛሪ ስለ ተወደደ ነው፤ አንድም ነጋዴ ስለ ደበቀ ነው» ቢል ሕዝቡ ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ሊጠይቀው ይችላል። «ጉዳዩ ኮምፕሌክስ ነው» ሲል ግን ጥያቄውንም አብሮ ዘግቶታል።

አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ቃል መውለድም የተፈተነ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ የአብዮት ዘመን ፖለቲከኞች የተከራከሩበት ሐሳብ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነበር፤ ፍሬውም መራራ ሆኖ ብዙ ደም ፈሷል። በቃል ረገድ ግን ሥራቸው ትምህርት ይሆናል። በላቡ የሚያድረውን ሠራተኛ «ወዝ» እና «አደር» አጋጥመው «ወዛደር» አሉት፤ ዓለምን የማያ መንገድ የሆነውን «ርዕዮተ ዓለም» አሉት። ወደ ሰማይ የምትላከውንም ዕቃ ሰው ከመጽሐፈ ሕዝቅኤል ባገኘው ስም «መንኮራኩር» ብሏታል። ቃላቱን ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ ሳይቀር ተናገራቸው። ግምጃ ቤቱም ክፍት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም.፣ የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ዕድሜያቸውን በሥር ለቀማ የፈጸሙ ሊቃውንት ያከማቹትን ሳይከፍቱ «ቃል የለም» ማለት ጎተራውን ሳይከፍቱ ረኀብ አለ ብሎ መጮኽ ነው።

የበሽታው ሥር በትምህርት ቤት ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ልጁ ቀላሉን ነገር በእናቱ ቋንቋ፣ አስቸጋሪውን ነገር በእንግሊዝኛ እያገኘ ያድጋል። ስለዚህ ሳያስተውል አንድ ሐሰተኛ ሕግ በልቡ ይጻፍበታል፤ ይኸውም «በአማርኛ የተነገረ ሁሉ ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛ የተነገረ ሁሉ ጥልቅ ነው» የሚል ነው። ካደገም በኋላ ባዶ ነገር በእንግሊዝኛ ሲሰማ ያደንቃል፤ ጥልቅ ነገር በአማርኛ ሲሰማ ይንቃል። ይህ የሕፃኑ ጥፋት አይደለም፤ ባዩት ጊዜ ዝም ያሉት የትልልቆቹ ነው።

ጕዳቱ የሚያርፈው ግን በተማረው ላይ ሳይሆን በማያውቀው ላይ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት አንድ አባት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ኮምፕሊኬሽን ጀምሮዎታል» ቢባል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። «በሽታው መዘዝ አምጥቷል፤ ዓይንዎንና ኵላሊትዎን እየነካ ነው፤ የእግርዎን ቍስል በየቀኑ ይመልከቱ» ቢባል ግን እግሩን ሳይቈረጥ ያድን ይሆናል። በሁለቱ አነጋገር መካከል ያለው ልዩነት የሰው እግር ነው።

በፍርድ አደባባይም ያው ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ምሳሌ የተነገረው ባለጉዳይ የሚባለውን ሰምቶ እንዲከራከር ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ በሚካሄድ ክርክር መካከል ባለማወቅ ቢጠፋ ግን ማን ያስተረጕምለታል? እንግሊዞች ራሳቸው ይህን መከራ ያውቁታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1066 የኖርማንዲ ሰዎች አገራቸውን ከያዙ በኋላ የፍርድ ቤታቸው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ነበር። በ1362 በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ዘመን፣ ፈረንሳይኛው በሕዝቡ ዘንድ ስላልታወቀ ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሕግ ወጣ፤ ላቲኑም ከፍርድ ቤት መዝገብ እስኪወጣ እስከ 1733 ድረስ ቈየ። እንግሊዝኛን የሚያከብር ሰው እንግሊዞች ለገዛ ቋንቋቸው የሠሩትን ቢከተል የበለጠ ባከበራቸው ነበር።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስል፣ በፒያሳ የሆነውን መመልከት ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «የኮሪደር ልማት» የተባለው ሥራ ተጀመረ። በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ዘመን አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ወደ ልዩ ልዩ ሠፈር ሄዱ፤ መንገዱም ሰፋ። ሥራው የሚመሰገንበትንና የሚነቀፍበትን ለይቶ መፍረድ የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው፤ እዚህ የሚጠየቀው ስሙ ነው። «ኮሪደር» ሥሩ «ሮጠ» ከሚል የጣልያን ግሥ የወጣ፣ መተላለፊያ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው። በዚያ ሠፈር ያረጁ አንዲት ባልቴት «እማማ፣ መንገድ ሊሰፋ ነው፤ ቤትዎ በመንገዱ ዳር ስለ ሆነ ይነሣል፤ ምትክዎም ይህ ነው» ቢባሉ ወይ ይስማማሉ፣ ወይ ይከራከራሉ። «ኮሪደር ነው» ቢባሉ ግን ዝም ይላሉ፤ ለማያውቁት ቃል መልስ የለምና። ያው የአራዳ ሕዝብ ግን ሠፈሩን ሲሰይም «ዶሮ ማነቂያ»፣ «ሰባ ደረጃ»፣ «እሪ በከንቱ» ብሎ ነበር፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ነገሩን ያየዋል። ሰያሚው ፊደል ያልተማረ ሊሆን ይችላል፤ ለመታወቅ እንጂ ለመፈራት አልሰየመም።

እንግዲህ የተማሩ ወንድሞችና እኅቶች የሚጠየቁት ብዙ አይደለም። የተውሶውን ቃል ከመናገራቸው በፊት ነገሩ ተወሳስቦ ነው፣ ተደራርቦ ነው፣ ረቅቆ ነው፣ ከብዶ ነው፣ ወይስ ሰው ተብትቦት ነው ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ። መልሱን ካገኙ ቃሉን አግኝተዋል፤ የእንግሊዝኛውም ክዳን አያስፈልጋቸውም። መልሱን ካላገኙ ደግሞ «ገና አላወቅሁትም» ይበሉ፤ ይህ ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ንጹሕ እውነትም ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚለው ምሳሌ ለሊቅም ለደቂቅም እኩል ተነግሯል። ሥሩን ያልነካ ሰው በስንት ቋንቋ ቢናገር ስለ ቅጠሉ ብቻ ነው የተናገረው፤ ጥላው ግን በሕዝቡ ላይ ያርፋል።